ከልጆች ጋር የሚደረጉ የቃላት ጨዋታዎች፦ ለፊደላችን የሚስማሙት የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ትልቋ አቀላጥፋ ታነባለች፤ ትንሹ ግን ፊደል መለየት ገና መጀመሩ ነው። ምሽት ላይና ረጅም መንገድ በምንጓዝበት ጊዜ ከሁለቱም ጋር የቃላት ጨዋታ መጫወት እፈልጋለሁ። አብረን እንድንስቅ ነው የማስበው፤ ነገር ግን በዚያው የቃላት ሀብታቸውና የንባብ ችሎታቸው ሳይታወቃቸው እንዲጎለብት እመኛለሁ።

እስካሁን ያገኘኋቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ ለላቲን ፊደል የተሠሩ ስለሆኑ ወደ አማርኛ ሳመጣቸው አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። ለምሳሌ አንዱ ተጫዋች የጨረሰበትን ፊደል ሌላው መነሻ አድርጎ አዲስ ቃል የሚናገርበትን ጨዋታ ስንሞክር፣ ከመካከላችን አንዱ «ጓደኛ» ወይም «ዳኛ» ካለ ጨዋታው እዚያው ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ ትልቋ ሁልጊዜ ስለምታሸንፍ ትንሹ ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ለእርሱ የሚመጥነውን ስንጫወት ደግሞ እርሷ «ይህ የሕፃን ነው» ብላ ታኮርፋለች። ጨዋታው ትምህርት መምሰል ሲጀምር ሁለቱም ፊታቸውን ያዞራሉ።

በሁለቱ ዕድሜ መካከል የሚያስኬድ፣ ለፊደላችን የሚስማማና ብዙ ዕቃ የማይጠይቅ ጨዋታ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ፣ እንዲሁም ሲሳሳቱ ላርማቸው ወይስ ዝም ልበላቸው የሚለውን ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያ ክፍሎች መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። ከትንሹ ልጅዎ ልጀምር። ፊደል ገና ለማይለይ ልጅ የቃላት ጨዋታ ማለት የጆሮ ጨዋታ ስለሆነ፣ ለጊዜው ወረቀትና እርሳስ ባይቀርብ ይሻላል። ቃል ከድምፆች የተሠራ መሆኑን፣ እነዚያም ድምፆች ሊነጠሉ፣ ሊገጣጠሙና ቦታ ሊለዋወጡ እንደሚችሉ አስቀድሞ በጆሮው የተረዳ ልጅ፣ የፊደሉ ቅርፅ ሲመጣለት የሚያያይዝበት ነገር አለው። ይህ የመምህራን ግምት ብቻ አይደለም። ልኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ማንበብ ያልጀመሩ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች ቃላትን በድምፃቸው የመመደብ ችሎታቸው ከዓመታት በኋላ ካሳዩት የንባብና የአጻጻፍ ውጤት ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል። ምደባውን ከተለማመዱት ልጆች መካከልም ድምፁን ከፊደል ጋር እያያያዙ የተማሩት የበለጠ ተሻሽለዋል። ጥናቱ የተደረገው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንዳለ ወደ እኛ መገልበጥ አይገባም። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርፅ አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ልጁ ከቃሉ መጀመሪያ ላይ የሚነጥለው በአብዛኛው «መ» ወይም «ማ» የሚለውን ሙሉ ድምፅ ነው፤ ይህ ደግሞ ተነባቢውን ብቻውን ከመነጠል ይልቅ ለሕፃን ጆሮ የቀለለ ነው።

ተመራማሪዎቹ ልጆቹን የፈተኑበት መንገድ ራሱ ግሩም ጨዋታ ይወጣዋል፤ ይኸውም ከመካከላቸው አንዱ የማይመስል ጥቂት ቃላት ተናግሮ «ባዕዱን» ማስፈለግ ነው። «መስኮት፣ መንገድ፣ ወንበር፣ መብራት» ይበሉትና የትኛው እንግዳ እንደሆነ ይጠይቁት። በመነሻው ድምፅ ሲለምድ ወደ መጨረሻው ይሂዱ፤ «ጣራ፣ አሞራ፣ ዛፍ፣ ተራራ» ሲባል ቤት የማይመታውን ቃል ይፈልጋል። ከዚያ ተራው የእርሱ ይሁንና እርሱ ይፈትንዎት። ልጅ ጥያቄውን ራሱ ሲያዘጋጅ መልስ ከመስጠት ይልቅ እጅግ የበለጠ ይማራል፤ አዋቂ ሲሳሳትለት ደግሞ ደስታው ወሰን የለውም። ትልቋ በዚህ ጨዋታ ባዕዱን የምትመርጥበትን ምክንያት እርስዎ ሳያውቁት እንድትደብቅ ቢፈቅዱላት «የሕፃን ነው» ማለቷን ትተዋለች። አንድ ጊዜ በድምፅ፣ አንድ ጊዜ በትርጉም፣ ሌላ ጊዜ በፊደሎቹ ብዛት ልትመድባቸው ትችላለች።

ቃልን በጭብጨባ መቁጠርም ትንንሾችን ያስደስታል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «መብራት» የሚለው ቃል በጽሑፍ አራት ፊደል ሲሆን በጭብጨባ ግን «መብ» እና «ራት» ተብሎ ሁለት ብቻ ነው፤ «ትምህርት»ም አምስት ፊደል ሆኖ ሳለ ልጁ የሚያጨበጭበው ሁለት ጊዜ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ሳይኖረው የፊተኛውን ድምፅ ስለሚዘጋ ነው ይህ የሚሆነው። ስለዚህ ልጁ ሁለት ጊዜ ሲያጨበጭብ «አይደለም፣ አራት ነው» ብለው እንዳያርሙት፤ ጆሮው በትክክል ሰምቷል።

ለሰንሰለቱ ጨዋታ መፍትሔው የሚቀጥለውን ፊደል ብቻውን ሳይሆን ቤቱን በሙሉ መፍቀድ ነው። ቃሉ በ«ት» ካለቀ የሚቀጥለው ተጫዋች ከ«ተ» እስከ «ቶ» ካሉት ሰባቱ በፈለገው ይጀምራል። ይህን ካደረጉ «ቤት፣ ተራራ፣ ሩጫ፣ ጨረቃ፣ ቀለም፣ መንገድ፣ ደመና፣ ነፋስ» እያለ ያለ ችግር ይፈስሳል። ያለዚህ ደንብ ብዙዎቹ ስሞቻችን በሳድስ ስለሚያልቁ ልጆቹ በ«ት»፣ በ«ን»ና በ«ር» መካከል ሲንገላቱ ያመሻሉ። ለ«ኛ» ግን የጃፓኖችን ብልሃት ይውሰዱ። እነርሱ «ሺሪቶሪ» በሚሉት ተመሳሳይ ጨዋታ «ን» በሚል ድምፅ የሚያልቅ ቃል የተናገረ ይሸነፋል፤ በዚያ ድምፅ የሚጀምር የጃፓንኛ ቃል ስለሌለ ነው። እናንተም በ«ኘ» ቤት የጨረሰ ይውደቅ በሉ። ያሰናከላችሁ ነገር የጨዋታው ወጥመድ ሆኖ ይቀራል፤ ትልቋም «ሠራተኛ»፣ «እውነተኛ»፣ «መንገደኛ» የሚሉትን እያስታወሰች ከአፏ እንዳያመልጣት መጠንቀቅ ይኖርባታል።

ስለ ማረም የጠየቁት፣ በጨዋታ መካከል ማቋረጥ አይገባም እላለሁ። ልጁ «ሩጫ»ን «ሉጫ» ካለ፣ በራስዎ ተራ ቃሉን በትክክለኛ ድምፁ እየደገሙ «ሩጫ ካልክማ እኔ ጨረቃ እላለሁ» ብለው ይለፉ። ሰምቶታል።

መልስ፦ መንገድ ላይ የሚጫወት አባት

መምህርቷ ያሉትን እደግፋለሁ፤ እኔ የማተኩረው በአሸናፊና ተሸናፊው ጉዳይ ላይ ነው። ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች አንድ ዓይነት ደንብ ሲሰጣቸው ውጤቱ ሳይጀመር የታወቀ ነው፤ አዋቂው ደግሞ ለትንሹ እያዘነ ሆን ብሎ ሲሸነፍ ልጁ ይነቃበታል። እኔ የምመርጠው ደንቡን እንደ ዕድሜው ማክበድ ነው። በሰንሰለቱ ጨዋታ ትንሹ ማንኛውንም ቃል ይናገር፤ ትልቋ ግን አራት ፊደልና ከዚያ በላይ የሆነ ቃል ብቻ፣ እናት ደግሞ ግሥ ብቻ ወይም ነፍስ ያለው ነገር ስም ብቻ እንድትናገር ቢደረግ ሦስቱም እኩል ይጨነቃሉ። ትልቋ ደንቡ የከበደባት ጎበዝ ስለሆነች መሆኑን ካወቀች እንደ ማዕረግ ትቆጥረዋለች። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ፣ ውድድሩን ፈጽሞ ከማስቀረት ይልቅ ይህ እንደሚሻል ደርሼበታለሁ፤ ውድድር የሌለበት ጨዋታ ለ9 ዓመት ልጅ ቶሎ ይደበዝዝባታል።

ለጉዞ ደግሞ የሃያ ጥያቄን ያህል የተመቸ የለም። አንዱ አንድ ነገር በልቡ ይይዛል፤ ሌሎቹ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ እስከ 20 ድረስ ይጠይቃሉ። ትንንሾች መጀመሪያ ላይ «ድመት ነው? ውሻ ነው? ወፍ ነው?» እያሉ አንድ በአንድ ስለሚሄዱ ጥያቄያቸው ያልቃል። ውሎ አድሮ ግን «ነፍስ አለው?»፣ «በእጅ ይያዛል?»፣ «ቤት ውስጥ ይገኛል?» የሚሉ፣ የቀረውን ሁሉ ለሁለት የሚከፍሉ ጥያቄዎችን ያገኛሉ። ይህን ሽግግር ማየት ለእኔ የጨዋታው ትልቁ ደስታ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ቢተዉአቸው እመርጣለሁ፤ ስልቱን አስቀድሞ ማስተማር ጨዋታውን ያከስመዋል። ትልቋ ሒሳብ የምትወድ ከሆነች አንድ ነገር ይንገሯት፦ እያንዳንዱ ጥያቄ የቀረውን በትክክል ለሁለት ቢከፍል በ20 ጥያቄ 1,048,576 ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ሁለትን በሁለት እያባዛች ራሷ እንድታረጋግጥ ይተዉአት።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። ትንሹ በልቡ የያዘውን ነገር መካከል ላይ ሊለውጠው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ለእርስዎ በጆሮዎ ቢነግርዎት ወይም በወረቀት ላይ ቢሥለው ከጭቅጭቅ ያድናል።

መልስ፦ ካርድ ሠሪ

እኔ ደግሞ ለትልቋ የሚሆን ነገር ላምጣ። ስክራብል የተባለውን የቃላት ሰሌዳ ጨዋታ ወደ አማርኛ ለማምጣት ያልታገለ ወላጅ ያለ አይመስለኝም፤ ብዙዎች የሚሰናከሉትም በአንድ ቦታ ነው። የእንግሊዝኛው ስክራብል 100 ካርዶች ሲኖሩት፣ ከእነርሱ ሁለቱ ባዶ ሆነው የተጫዋቹን ፈቃድ የሚከተሉ ናቸው። እኛ ዘንድ ግን 33ቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደሎችን ሳንቆጥር ማለት ነው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ካርድ ቢሠሩለት እጅዎ ላይ የሚደርሱት ሰባት ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል እንኳን አይሠሩም፤ ልጁም በተስፋ መቁረጥ ካርዱን ይበትነዋል።

የእኔ መንገድ የቤት ካርድ መሥራት ነው። አንድ «በ» የተጻፈበት ካርድ ከ«በ» እስከ «ቦ» ማንኛውንም ሆኖ ያገለግላል። በዘመኑ አነጋገር በአንድ ድምፅ የምንጠራቸውን ሀ፣ ሐ፣ ኀንና ኸን በአንድ ካርድ፣ ሰንና ሠን በአንድ፣ አንና ዐን በአንድ፣ ጸንና ፀን በአንድ ስናጠቃልላቸው 33ቱ ቤቶች ወደ 27 ዝቅ ይላሉ፤ ይህ ለልጅ እጅ የሚመች ቁጥር ነው። ከዚያ ሁለት ደንብ ማውጣት ይቻላል። በቀላሉ ደንብ፣ ሁለት ቃላት በሚተላለፉበት ቦታ ላይ ያለው ካርድ ወደ ጎን «ማ» ተብሎ ወደ ታች ሲነበብ ደግሞ «ም» መሆን ይችላል። በከባዱ ደንብ ግን አንድ ቦታ የያዘ ካርድ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ትልቋን በቀላሉ ጀምረው ወደ ከባዱ ያሸጋግሯት።

እያንዳንዱ ቤት ስንት ካርድ ይኑረው የሚለውን ለመወሰን የጨዋታውን ፈጣሪ ዘዴ መከተል ያዋጣል። አልፍሬድ ሞሸር በትስ የተባለው አሜሪካዊ አርክቴክት ጨዋታውን በ1930ዎቹ ሲሠራ፣ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ለማወቅ በጋዜጣ ገጾች ላይ ያሉትን ፊደሎች ቆጥሯል። እናንተም ከልጆቹ የተረት መጽሐፍ አንድ ገጽ ወስዳችሁ ትልቋ እያነበበች፣ ትንሹ በየቤቱ ላይ መስመር እያሰመረ ብትቆጥሩ፣ ካርዱ ሳይሠራ ገና አንድ ምሽት የሚያስደስት ጨዋታ አገኛችሁ ማለት ነው። ነ፣ ተ፣ መ፣ በ፣ አና ለ ገጹን ሲሞሉት፣ ዠ፣ ጰና ፐ ምናልባት አንድም ጊዜ ላይመጡ ይችላሉ። በብዛት የተገኘው ካርዱ ብዙ፣ ነጥቡ ትንሽ ይሁን፤ ብርቁ ካርዱ አንድ፣ ነጥቡ ትልቅ ይሁን። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የቆጠረ ልጅ ያውቀዋል።

ካርዱ ከተሠራ በኋላ ሰሌዳ የማይፈልግ ሌላ ጨዋታም አለ፤ እርሱም ቃልን ከኋላው ወደ ፊቱ ማንበብ ነው። ፊደላችን ድምፅን በሙሉ ስለሚይዝ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ የሚጠራ ነገር ይወጣዋል፤ እንደ ላቲን ፊደል ምላስ የሚያስር አይሆንም። «ላባ» ሲገለበጥ «ባላ» ነው፤ «ሳማ» «ማሳ» ይሆናል፤ «ነዳ» «ዳነ»፣ «ረዳ» «ዳረ»፣ «ለማ» «ማለ»፣ «ራስ» ደግሞ «ስራ» ይሆናሉ። የእኔ ተወዳጅ «በረደ» ነው፤ ስትገለብጡት «ደረበ» ይሰጣችኋል፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለማገናኘት ልጆች ነጋሪ አያስፈልጋቸውም። ባለ ሦስት ፊደል ጥንድ ማግኘት ከባድ ስለሆነ አንድ ያገኘ ልጅ ልዩ ነጥብ ይገባዋል።

መልስ፦ ሆሄ ጠንቃቃ

ካርድ ሠሪው የሰጡት ሐሳብ ጥሩ ቢሆንም በአንድ ነገር አልስማማም። ሰንና ሠን፣ ሀንና ሐን በአንድ ካርድ ማጠቃለል ለ5 ዓመት ልጅ ምንም አይደለም፤ ለ9 ዓመት ልጅ ግን ለይታ መጻፍ በምትማርበት ዕድሜ ላይ ሆና ልዩነቱ እንደሌለ አድርጎ ማጫወት ነው። «ራስ» ሲገለበጥ «ስራ» ይሆናል ተብሏል፤ በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው ግን «ሥራ» ብሎ በንጉሡ «ሠ» ስለሚጽፈው ጥንዱ በዓይን ሲታይ አይገጥምም። ጨዋታው ጆሮን ብቻ አሠልጥኖ ዓይንን ካዘናጋ የቀረው ሥራ ለመምህሩ ይተርፋል።

መልስ፦ የመጀመሪያ ክፍሎች መምህርት

የሆሄ ጠንቃቃው ሥጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጨዋታ ሁሉንም ማስተማር አይቻልም። ካርዱ የድምፅ ጨዋታ ነው፤ ሆሄውን በሌላ ጨዋታ ማምጣት ይቻላል። ለምሳሌ ትልቋ የምታነበው መጽሐፍ ላይ በ«ሠ» የተጻፈ ቃል ባገኘች ቁጥር በአንድ ማስታወሻ ደብተር ብትመዘግበው፣ በከባዱ ደንብ ሲጫወቱ ደግሞ ከደብተሯ ውስጥ ያለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ስትሠራ የ«ሠ»ን ሆሄ ለይታ ከተናገረች እጥፍ ነጥብ ቢሰጣት፣ ልዩነቱ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ሀብት ይገባታል። ሁለቱን አጻጻፍ የሚቀበሉ መጻሕፍትና ጋዜጦች በዙሪያዋ ስላሉም አንዱን ስሕተት ብሎ ማስጨነቅ አይጠቅምም።

ለዓይን ብቻ ከሆነማ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ጽሑፋችን የማያሳየው ነገር ነው፤ እርሱም መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ የሚደረገው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ አውራ ማለት ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ጠብቆ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «አለ»ም እንዲሁ ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ይሆናል። አንባቢ ልጅ የሚደነቃቀፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቃሉን የሚወስነው ከፊደሉ ይልቅ የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ነው። ጨዋታው ቀላል ነው፦ እናት ቃሉን በአንዱ አነባበብ ብቻ ትናገራለች፤ ልጆቹ ሳይናገሩ የሰሙትን ትርጉም በእንቅስቃሴ ያሳያሉ። ለትንሹም ለትልቋም እኩል ነው፤ ማንበብ ስለማያስፈልገው ትንሹ ብዙ ጊዜ ይቀድማል። ትልቋ ደግሞ ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ለማስገባት ትሞክር፤ «ሰፊው ሰፊ ሱሪ ሰፋ» ብላ ስታነብ ወንድሟ የትኛው ጠብቆ የትኛው ላልቶ እንደተነበበ ይፍረድ።

ጠያቂዋ፦ የሁለት ልጆች እናት

ለሁላችሁም እጅግ አመሰግናለሁ። በቤት የሚፈቀደውን የሰንሰለት ደንብ ዛሬ ማታ ጀምረን፣ «የኘ ወጥመድ» ብለው ስም እስኪያወጡለት ድረስ ወደውታል። ነገር ግን አዲስ ክርክር ተነሥቷል። ትልቋ ቃል ሲጠፋት ራሷ ትፈጥራለች፤ «ስልካም» የሚል ቃል አምጥታ «ስልክ የማይለቅ ሰው ማለት ነው» አለች። ትንሹ «የለም!» ብሎ ጮኸ፤ እኔ ደግሞ እየሳቅሁ ለማን እንደምፈርድ ግራ ገባኝ። የፈጠራ ቃል ይፈቀዳል ወይስ ይከለከላል ትላላችሁ?

መልስ፦ የቋንቋ ተማሪ

እርስዎን ባይሆን ልጅዎን አመሰግናለሁ! «ስልካም» ያለች ልጅ ቃሉን ከአየር አላመጣችውም። «ጸጉራም»፣ «ሆዳም»፣ «ቀንዳም» የሚሉትን ሰምታ፣ ስሙ ላይ «ኣም» ሲጨመር «ያ ነገር የበዛበት» የሚል ትርጉም እንደሚሰጥ ማንም ሳያስተምራት ደርሳበታለች። የሰዋስው መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያብራራውን ደንብ እርሷ በጨዋታ ተጠቅማበታለች ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ቃል መከልከል የሚያስቀጣ ጥፋት ይመስለኛል። በሌላ በኩል ትንሹም «የለም» ማለቱ ትክክል ነው፤ ቃሉ በመዝገበ ቃላት አይገኝም።

እኔ የምመክረው ሁለት ዓይነት ነጥብ ነው። የተለመደ ቃል ሙሉ ነጥብ ያግኝ። የፈጠራ ቃል ግን ፈጣሪው ትርጉሙን ከተናገረ፣ በዓረፍተ ነገር ካስገባውና በዚያው መንገድ የተሠራ ሌላ የታወቀ ቃል ካመጣ ግማሽ ነጥብ ይሰጠው። ሦስተኛው መስፈርት ዋናው ነው፤ ዝም ብሎ የተደረደረ ድምፅ አምሳያ ስለማይገኝለት በዚያ ይጣራል። የሚጠራጠር ተጫዋች መዝገበ ቃላት እንዲከፈት የመጠየቅ መብት ይኑረው፤ ቃሉ ከተገኘ ግን ጠያቂው አንድ ተራ ይለፈው፣ አለበለዚያ ትንሹ በየቃሉ «የለም!» እያለ ጨዋታውን ያስቆመዋል። መዝገበ ቃላቱን የምትከፍተው ትልቋ ትሁን፤ የፊደሉን ተራ ተከትሎ ቃል መፈለግ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ እንዲህ ያለ የሚያስቸኩል ምክንያት ሲኖር ደግሞ ቶሎ ይለመዳል።

ቃል መፍጠር ከወደደች ደግሞ ከዚህ የሚያልፍ ጨዋታ አለ። የአማርኛ ግሦች ብዙዎቹ በሦስት ተነባቢዎች ላይ የቆሙ ስለሆነ፣ እነዚያን ተነባቢዎች ብቻ ሰጥተው ከእነርሱ የሚወጣውን ቃል ሁሉ እንድትፈልግ ያድርጓት። ከካርድ ሠሪው የቤት ካርዶች ውስጥ «ከ»፣ «ፈ» እና «ለ»ን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡላት። «ከፈለ»፣ «ክፍል»፣ «ከፋይ»፣ «ተከፋይ»፣ «አካፈለ»፣ «አከፋፈል»፣ «ክፍልፋይ» እያለች ትሄዳለች። የመማሪያ ክፍልና የሒሳብ ክፍልፋይ ከአንድ ምንጭ መቀዳታቸውን ስታገኝ የምታሳየው መገረም የሚታይ ነው። በመካከሉ ሊኖር የሚችል ነገር ግን ማንም የማይጠቀምበት ቃል መፍጠሯ አይቀርም፤ ያንን በግማሽ ነጥቡ ደንብ ይዳኙት። ትንሹ በዚህ ጨዋታ ካርዶቹን አንሺና አስቀማጭ ሊሆን ይችላል፤ ከሥር ካርድ በዘፈቀደ እየሳበ «ከእነዚህ ቃል አውጪ» ብሎ እህቱን ማስጨነቅ ይወድዳል።

ሁለቱ ሳይበላለጡ የሚገናኙበት ግን እንቆቅልሽ መፍጠር ይመስለኛል። የታወቁትን መጠየቅ መልካም ነው፤ ሆኖም መልሱ አንድ ጊዜ ከተሰማ አለቀ፤ መፍጠር ግን አያልቅም። መንገዱን በአንድ ምሳሌ ያሳዩአቸው፤ አንድ ዕቃ ይመረጣል፣ ያለው ነገር ይነገራል፣ ከዚያ በዚያ ነገር የሚጠበቀውን እንደማያደርግ ይጨመራል። «ጥርስ አለው፣ አይነክስም» ሲባል ማበጠሪያ ነው፤ «አራት እግር አለው፣ አይሄድም» ሲባል ጠረጴዛ ነው። የ5 ዓመቱ ልጅ ይህን ቅርፅ ከያዘ በኋላ በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ እያየ ያመርታል፤ አንዳንዱ ፈጽሞ ሊገመት የማይችል ይሆናል፤ ለምሳሌ «ቀይ ነው፣ የእኔ ነው» ብሎ ሊጠይቅዎት ይችላል። ያን ጊዜ ትልቋን «መልስ የሚያገኝበት አንድ ፍንጭ ጨምሪለት» ይበሏት። ለአድማጭ ምን እንደሚጎድለው አስባ ፍንጩን ስትጨምር የእርሷ ጨዋታ ከእርሱ የከበደ ይሆናል፤ «የሕፃን ነው» የምትልበት ምክንያትም አይኖራትም።